ቦይ ብንጠይቅ ናፍጣ

ግንቦት 12

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለአቶ ጥናት፤

ይህን ሰላምታ የምልክልህ ዳቦ ቤቴ ውስጥ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። የወንበሮቹ እግር ውሃ ውስጥ ስለሆነ ጆንያዎቹን ጠረጴዛ ላይ ጫንናቸው፣ እኔም ጆንያዎቹ ላይ ወጣሁ። ከዚህ ከፍታ ላይ ሆኜ፣ ጣሪያውን በአናቴ እየነካሁ፣ እንዴት ሰነበትክ እልሃለሁ። ቢሮህ ደረቅ ነው?

እማዬ ደህና ናት ወይ ላልከው፣ ደህና ናት። ጉልበቷ ያው ነው፣ አፏም ያው ነው። ውሃው ገብቶ አልጋዋ ሥር ሲደርስ እግሯን ሰበሰበችና «ማነው ያስገባው?» ብላ እኔን ተቆጣችኝ።

ስልክሽ ለምን ተዘጋ ላልከው ደግሞ፣ የኔ ስልክ አልተዘጋም፤ የተዘጋው የኔትወርክ ማማው ነው። ማማው በናፍጣ ጄኔሬተር እንደሚሠራ ታውቃለህ። ጥበቃው እንደነገረኝ ናፍጣው ለጎርፉ ሥራ በአስቸኳይ ይፈለጋል ተብሎ ተወስዷል። ጎርፍ መጣብን ብለን የምንደውልበት ናፍጣ ጎርፉን ለመከላከል ሄዷል ማለት ነው። እስኪመለስ ድረስ ደብዳቤ የሚያመላልስልን የአውቶቡሱ ሾፌር ነው። ለድካሜ አንድ ትኩስ ዳቦ ይበቃኛል ብሏል፤ የሚበላው ግን ሁለት ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ባለፈው ዓመት መንገዱን አስፋልት ሲያለብሱት ከፍ አደረጉትና እኛ፣ ግራና ቀኝ ያለን ሰዎች፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀረን። ውሃውን ወደ ወንዙ ያወርድ የነበረው የድሮው ቱቦም አስፋልቱ ሥር ተቀብሮ ቀረ። ዝናቡም ቢሆን የድሮው ዝናብ አይደለም። ድሮ ወሩን ሙሉ ቀስ እያለ የሚዘንበውን አሁን በአንድ ከሰዓት በኋላ አራግፎብን ይሄዳል። ይኼን አንተ ስብሰባ ላይ በግራፍ ታሳያለህ አሉ፤ እኔ በመጥረጊያዬ አውቀዋለሁ።

ሰፈሩ ተሰብስቦ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመንገዱ ተነስቶ ወንዙ ድረስ የሚወርድ ቦይ። ፏፏቴ አልጠየቅንም። ሐምሌ ላይ ትልቁ ዝናብ ሲገባ ቦይ ከሌለ የእማዬ ቤት አይተርፍም። የጓሮው ግድግዳ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ትናንት በጣቴ ብነካው እንደ ሊጥ ገባልኝ። ይኼን ለእማዬ አልነገርኳትም። ለአንተ ግን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ።

ለጥያቄያችን መልስ መጥቷል። ፓምፕ ነው፣ ከነናፍጣው። የመሥሪያ ቤታችሁ ሰዎች አስፈርመውን፣ ከፓምፑ ጋር ፎቶ አንስተውን ሄዱ። ፎቶውን ካየኸው እኔ እንዳልሳቅኩ ልብ በል።

ቦዩ የት ደረሰ? የአየር ንብረት መምሪያ ውስጥ የተቀመጥከው ለዚሁ ነው። ደግሞ «በጥናት ላይ ነው» ብለህ እንዳትመልስልኝ።

እህትህ፣ ከጆንያው ላይ


ግንቦት 21

ለማከብርሽና ለምፈራሽ እትዬ፤

ቦዩ በጥናት ላይ ነው።

ተቆጪ፣ ግን ደብዳቤውን ሳትጨርሺ አትቅደጂው። መጀመሪያ «ጥናት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?» የሚለውን የሚያጠና ኮሚቴ ነበር። እሱ ሥራውን ጨርሶ ያስፈልጋል ብሏል፤ በኬክ ነው ያከበርነው። አሁን የቀረው ጥናቱን ማን ያጥናው የሚለው ነው።

መልሴ ስለዘገየ በእውነት ይቅርታ፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ርዕሱ የሙቀት መጨመር ነበር። የሆቴሉ አዳራሽ ከመቀዝቀዙ የተነሳ ሁላችንም ካፖርታችንን ደርበን ነው ስለ ሙቀቱ የተወያየነው። ኤሲውን ቀንሱልን ብንል፣ ይኼ ማሽን ወይ ይበርዳል ወይ ይጠፋል እንጂ መሃል የለውም አሉን። መብራት ስላልነበረ ኤሲው የሚሠራው በጄኔሬተር ነው፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ የቆመው ከመስኮቱ ሥር ነው። ክቡር ሚኒስትሩ ያደረጉትን የመክፈቻ ንግግር ከመሃላችን የሰማ ሰው የለም። ጭብጨባው ግን ደማቅ ነበር፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ቦይ ጠይቃችሁ ፓምፕ ለምን እንደመጣ ላስረዳሽ። ፓምፕና ናፍጣ «አስቸኳይ» በሚለው በጀት ውስጥ ናቸው። ለአስቸኳይ ነገር አንድ ስልክ ይበቃል፣ ቦቴው በማግስቱ ይነሳል። ቦይ ያለው «ዘላቂ» በሚለው ውስጥ ነው። ዘላቂ ነገር ፈራሚው ብዙ ነው፣ ከፈራሚዎቹም ገሚሱ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። አውቃለሁ፣ ይኼን ስታነቢ ፊትሽ ምን እንደሚመስል ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።

በወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ የጻፍሽውን ጥያቄ አይቼዋለሁ። አዎ፣ ቢሮ ቀይሬያለሁ። አዲሱ መስኮት አለው። ሌላ የሚወራ ነገር የለውም።

ደግሞ አትቆጪኝና እትዬ፣ ያንቺስ ምድጃ በናፍጣ አይደል የሚነደው?

እማዬን ሳሚልኝ። ግድግዳውን በጣትሽ አትነካኪው።

ወንድምሽ


ሰኔ 2

ለወንድሜ፣

ምድጃዬን ለቀቅ አድርግ። የኔ ናፍጣ ዳቦ ያወጣል፤ የእናንተ ናፍጣ ምን እንዳወጣ ንገረኝና ከዚያ እንነጋገራለን። በመብራት የሚሠራ ምድጃ ጠልቼ መሰለህ? አንተ መብራቱን አምጣልኝ፣ እኔ ምድጃውን በጀርባዬ ተሸክሜ አመጣዋለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብለህ አንብበው፤ የአንተ መሥሪያ ቤት ሥራ ስለሆነ ቶሎ አይገባም። ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ ያለውን ሰውዬ ታስታውሰዋለህ? ቡሎን የሚሉት። አንዴ ከጠበቀ አይፈታም ተብሎ ነው ስሙ የወጣለት፣ እውነትም ነው። ለኛ ፓምፕ መምጣቱን ሲያይ የማዶውን ሰው አስተባብሮ «ውሃው ሁለታችንም ጋ ገብቶ ፓምፑ እነሱ ጋ ብቻ ለምን ገባ?» ብሎ አቤት አለ። በሳምንቱ ፓምፕ መጣለት፣ ከኛ የሚበልጥ! ፍትሐዊ ክፍፍል ነው ተባለ። ቆሽቴ አረረ።

አሁን ሁለቱ ፓምፖች መንገዱን መሃል አድርገው ፊት ለፊት እየተጯጯኹ ነው። በኔ ቤት መነጋገር ቀርቷል። ደንበኞቼ ዳቦ የሚገዙት በጣታቸው ነው፣ እማዬም የምትቆጣኝ በቅንድቧ ሆኗል። የኛ ፓምፕ ቱቦ አስፋልቱን ተሻግሮ ማዶ ያፈሳል። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም፤ ማዶ ማዶ ነው። የነሱ ደግሞ ወደ ወንዙ ነው ይላሉ።

ናፍጣ የጫነው ቦቴ ባለፈው ሳምንት መግቢያው ላይ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። የሚጎትተው ትራክተር ተፈልጎ መጣ። ትራክተሩ መሃል ላይ ናፍጣ ጨረሰ። ከቦቴው ቀድተው ሰጡት፣ ጎተተው፣ ቦቴው ወጣ፣ ትራክተሩ ሰጠመ። ሰፈሩ ወንበር አውጥቶ ሲያይ ዋለ፣ እኔም ዳቦ ሸጥኩ።

የሚያስጨንቀኝ ግን ውሃው አለመቀነሱ ነው። ፓምፑ ሳያርፍ ይሠራል፣ ውሃውም ሳያርፍ እዚያው አለ። ባለሙያ ተላከልን። ዞር ዞር ብሎ አየና «ተጨማሪ ፓምፕ ያስፈልጋል» ብሎ ሄደ። የጓሮው ግድግዳ በዚህ መሃል ተሰንጥቋል። ስንጥቁን እማዬ እንዳታየው የዱቄት ጆንያ ሰቅዬበታለሁ፤ እሷም ለምን ሰቀልሽው ብላ አልጠየቀችኝም፣ ይኼ ነው ያስፈራኝ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ቦቴው በመጣ ቁጥር እማዬ በሩ ላይ ወጥታ «ልጄ ነው የላከው» ትላለች። አንተ የአየር ንብረቱ እንጂ የናፍጣው ክፍል አይደለህም። ምን ብለሃት ነው?

እህትህ


ሰኔ 10

ለእትዬ፣

አጭር ደብዳቤ ነው፣ ሥራ በዝቶብኛል።

እማዬ ስለ ቦቴው የምትለውን በተመለከተ፣ ደስ ካላት ተያት። እናት ናት፣ ዝናብ ቢያባራም ልጄ ነው ያስቆመው ከማለት አትመለስም።

ስለ ቦዩ ክቡር ሚኒስትሩ ዘንድ ለመግባት ሞክር ብለሽ በሾፌሩ ልከሽብኝ ነበር። ገባሁ። ከሻንጣቸውና ከካፖርታቸው ጋር በር ላይ አገኘኋቸው፤ ወደ ሌላ ስብሰባ እየሄዱ ነበር። እስከ መኪናቸው ድረስ አብሬያቸው እየሮጥኩ ነገርኳቸው።

«ቦዩ ከተሠራ፣» አሉኝ ቆም ብለው፣ «ፓምፖቹ ምን ሊሠሩ ነው?»

«ሥራ ይፈታሉ፣ ክቡር ሚኒስትር።»

«ናፍጣውስ?»

«ይተርፋል።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «የኔ ልጅ፣ የተረፈ በጀት በሚቀጥለው ዓመት ይቀነሳል። ዘንድሮ በናፍጣ አጠቃቀም አንደኛ ነው የወጣነው፣ ይኼን እናበላሽ?» ብለውኝ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ሞተሩ እኔ ከመድረሴ በፊት ጀምሮ በርቶ ይጠብቃቸው ነበር፤ መኪናው ውስጥ ቅዝቃዜው እንዳይጠፋ ነው።

እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ እትዬ። እኛ የአየር ንብረት ሰዎች እንለው የነበረው ይኼን አልነበረም።

ግድግዳውን በእንጨት ደግፉት። እማዬን ከጓሮው በኩል አታስተኚያት።

ወንድምሽ


ሰኔ 19

ለወንድሜ፣

ቁጭ ብለህ አንብበው።

ማክሰኞ ጠዋት የላይኛው መደርደሪያ ተደረመሰ። መደርደሪያው ላይ የነበረው አንድ ካርቶን እርሾና አንድ ጆንያ ስኳር ነው፣ ሁለቱንም ውሃው እንዳይነካብኝ ብዬ ራሴ ነኝ አንድ ላይ የሰቀልኳቸው። ተያይዘው ውሃው ውስጥ ገቡ። እርሾና ስኳር ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለአንተ አልነግርህም፤ ልጅ ሆነህ ከኔ ጋር ሊጥ አቡክተሃል። ምድጃው ውሃውን ለብ አድርጎት ስለነበር ቤቱ ወዲያው አረፋ በአረፋ ሆነ። ቶሎ ብዬ የፓምፑን አፍ ወደ አረፋው አዞርኩትና ማዶ ላክሁት። እዳው ገብስ ነው ብዬ መሬቱን መጥረግ ጀመርኩ።

ከሰዓት በኋላ ጓሮው ሊጥ ሊጥ ሸተተ። ወጥቼ ሳይ በጓሮው በር በኩል አረፋ እየገባ ነው። የራሴን እርሾ አላውቀውም? ሌላ ሰው ልጁን በመልክ እንደሚያውቀው እኔ እርሾዬን በሽታው አውቀዋለሁ። አረፋው ላይ ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተንሳፍፎበታል።

ልጣላ ተነሳሁ። መንገዱ ላይ ስወጣ ቡሎን ከማዶ ሊጣላኝ እየመጣ ነው፣ ቱታው እስከ ጉልበቱ አረፋ ነው። አስፋልቱ መሃል ላይ ተገናኘን።

«ይኼ እርሾ የማን ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ፓምፖቹ ስለሚጮኹ ካልጮኽክ አትሰማም።

«ይኼስ ዘይት የማን ነው?» አልኩት።

«የኔ ነው! ጠዋት ነው የደፋሁት። ወደ ወንዝ ሄዷል!»

«የቱ ወንዝ? እኔ ጓሮ ነው ያለው!»

ሁለታችንም ቱቦዎቹን በዓይናችን ተከተልን። የኔ ቱቦ አስፋልቱን ተሻግሮ የሱ ጋራዥ በር ላይ ያልቃል። የሱ ቱቦ በቤታችን ጣሪያ ላይ አልፎ ወደ ወንዙ ሲያቀና ርዝመቱ አልበቃ ብሎ የኛ ጓሮ ላይ ያልቃል። ወንድሜ፣ ከርመን ከርመን ያንኑ አንድ ውሃ ስንቀባበል ነው የኖርነው! እኔ እሱ ላይ ሳፈስ፣ እሱ እኔ ላይ ሲያፈስ። በመንግሥት ናፍጣ! ውሃው ራሱ ሳይሰለቸው አልቀረም።

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። እኔ ሙልጭ አድርጌ ልሰድበው አፌን ስከፍት ሳቅ አመለጠኝ። አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብለን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከዚያ ስንጥቁ ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ። የሱ ቱቦ የሚያፈሰው ልክ ግድግዳው ሥር ነው። የእማዬን ቤት የሚያፈርሰው ዝናቡ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ እናንተ የላካችሁት ፓምፕም ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። የአውቶቡሱ ሾፌር ዳቦውን እያላመጠ «ወንድምሽ የናፍጣ ክፍፍል ኃላፊ ከሆነ ወዲህ መኪናው ከነሹፌሩ ነው፣ አያምርበትም?» አለኝ። እየቀለደ መሰለኝ። እማዬን ብጠይቃት ቅንድቧን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። «እህቴ እንዳትሰማ ብሎ አስምሎኝ ነው፣» አለችኝ።

እማዬን አስምለሃታል። በል ተናገር።

እህትህ


ሰኔ 24

እትዬ፣

እውነት ነው።

የአየር ንብረት መምሪያውን አልዘጉትም፤ ቢዘጉት በሬዲዮ ይወራ ነበር። ከናፍጣ ክፍፍል ጋር አዋሃዱት። ሁለቱም ጭስን ስለሚመለከቱ ነው ተባለ። ጠረጴዛዬን መስኮት ወዳለው ቢሮ ወሰዱት፣ ስልኩንም ቀየሩልኝ። አስቂኙን ልንገርሽ? ለናንተ የላክሁት ናፍጣ ሁሉ በሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው «ለአየር ንብረት ለውጥ የተሰጠ ምላሽ» ተብሎ ነው። ዘንድሮ ለአየር ንብረት ለውጥ ብዙ ምላሽ ሰጥተናል፣ ሁሉም የነደደ ነው። ስትሰድቢኝ ይሰማኛል።

ለምን እሺ አልክ ለምትይኝ፣ ሹመቱ አጓጉቶኝ ነው ብትይኝ አልክድም፣ መኪናውም ደስ ብሎኛል። ግን ሌላም ነገር አለ። ቦይ እያልኩ በዚያ ኮሪደር ስመላለስ ኖሬያለሁ፣ ቀና ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም። አዲሱን ስልክ አንስቼ «ናፍጣ» ባልኩ ጊዜ ከወዲያ በኩል «የት ይላክ?» አሉኝ። እትዬ፣ ማንም «የት ይላክ» ብሎኝ አያውቅም ነበር። አፌ ላይ የመጣው የናንተ ሰፈር ነው። ለማዶውም ፓምፑን የላክሁት እኔ ነኝ፤ አዳላ እንዳልባል ብዬ።

የእማዬን ግድግዳ በገዛ እጄ እያፈረስኩ እንደሆነ አላወቅኩም። አፍሬያለሁ። 

አንድ ነገር እሺ በይኝ። ትልቁ ዝናብ ሳይገባ እማዬን ይዘሽ ወደ እኔ ነይ። መኪና እልካለሁ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 3

ለወንድሜ፣

ቁጣዬን አልጨረስኩም፣ ግን ለጊዜው አካፋ ይዣለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ስለማይቻል ቁጣውን ለሌላ ጊዜ አስቀምጬልሃለሁ።

መኪናውን አትላክ። ጭቃው ውስጥ ስትገባ የምናወጣት እኛው ነን፣ ለቦቴው የመጣው ትራክተር እንኳ ገና አልወጣም። እማዬም አትመጣም። ቃል በቃል ያለችው «እሱ ነው ወደ ቤቱ የሚመጣው እንጂ እኔ ወደ ቢሮ አልሄድም» ነው።

ሁለቱንም ፓምፖች አጠፋናቸው። ቡሎን የሱን፣ እኔ የኔን፣ እኩል ቆጥረን፣ አንዱ አንዱን እያየ። ዝምታው መጀመሪያ አስደነገጠን። ከዚያ የሰፈሩ ሰው አንዱ ካንዱ ጋር ማውራት ጀመረ፤ ለካ ብዙ ነገር ተጠራቅሞ ኖሯል። የቡሎን ድምፅ ሳይጮህ ሲሰማ ቀጭንና ጨዋ ነው፣ ገርሞኛል። የተረፈውን ናፍጣ መልሱልን ብንል የቦቴው ሹፌር «የማመጣበት ትእዛዝ እንጂ የምመልስበት የለኝም» አለን።

የዚያኑ ቀን ጋራዡ ውስጥ የግራም የቀኝም ሰው ተሰበሰበ። ቦዩን ራሳችን እንቆፍራለን ተባለ። ዶማ ያለው ዶማ፣ አካፋ ያለው አካፋ፣ ምንም የሌለው ምክር ይዞ መጣ። አስፋልቱን ሰርስረን ከሥሩ ማሳለፊያ አበጀን፤ ፈቃድ ጠይቁ ያለን ሰው ነበር፣ «ጥናት ላይ ነው» ብለን መለስንለት። ኮርቼብሃለሁ፣ ቃሉ ይሠራል።

ቦዩ በየት በኩል ነው የሚያልፈው ብለህ በሾፌሩ የላክሃት ቁራጭ ወረቀት ደርሳኛለች። ወደ ወንዝ ነው የሚያልፈው። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

ሰማዩ ከትናንት ጀምሮ ጠቁሯል። ልሂድ፣ እየቆፈርን ነው።

እህትህ


ሐምሌ 11

እትዬ፣

ትልቁ ዝናብ እናንተ ጋ መግባቱን በሬዲዮ ሰማሁ። ከናንተ ምንም የለም፣ አውቶቡሱም ቆሟል። ይኼን የምልከው በሚኒስቴሩ መኪና ነው፣ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ስለ ቦዩ እዚህ ተሰምቷል። ክቡር ሚኒስትሩ ሊመርቁት ይመጣሉ። አዎ፣ እናንተ የቆፈራችሁትን። ጥናቱም ትናንት ተጠናቀቀ፤ «ቦይ ስላለ ቦይ አያስፈልግም» ይላል። ንግግሩን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። «ይህን ቦይ መሥሪያ ቤታችን አልሠራውም፣ የላክነውም ናፍጣ ጎድቷችኋል» ብዬ ጻፍኩላቸው። አስተካክለው ተብሎ ተመለሰልኝ። ያንኑ ደግሜ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩት። ከዚያ ሌላ ሰው እንዲጽፈው አደረጉ። አሁን ምን እንደሚደረግብኝ አላውቅም፣ ብዙም አላስጨነቀኝ።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ለጠየቅኩሽ ሁሉ መልስ ሰጥተሽ ያንን አንዱን ዘለልሽው። በየት በኩል ነው የቆፈራችሁት? ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው፣ ከመንገዱ ወደ ወንዙ የሚያሳልፍ ቀዳዳ እንኳ የለም። ቤቱ አለ? እማዬ የት ናት? እባክሽ፣ በአንድ መስመርም ቢሆን።

ወንድምሽ


ሐምሌ 16

ይድረስ ለልጄ፤

እናትህ ነኝ። የሚጽፍልኝ የጋራዡ ሰውዬ ነው። እህትህ ጀምራው ነበር፣ ወረቀቱን በእንባዋ አጠበችው። አትደንግጥ፣ ሁላችንም አለን። ዝም ብለህ የምለውን ጻፍ ብዬዋለሁ። (እሺ እማማ፣ እየጻፍኩ ነው።)

የተሰበሰብን ቀን ቦዩ በማን ቤት በኩል ይለፍ ሲባል ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አንዱ ማድቤት አለኝ አለ፣ አንዱ አዲስ ሲሚንቶ አፍስሻለሁ አለ። ሁሉም ቦይ ይፈልጋል፣ በጎረቤቱ በኩል ሲሆን። እኔ አልፈርድባቸውም፣ እኔም ዝም ብዬ ነበር። በመጨረሻ ጉልበቴን አመመኝና ወደ ቤቴ ልሄድ ፈለግኩ። በኔ ቤት በኩል ይለፍና ስብሰባው ይብቃ አልኩ። (እውነት ነው፣ እንዲሁ ነው ያሉት።)

ዳቦ ቤቱ እንዳይሆን የምንበላው ከሱ ነው። የኔ ክፍል እንዳይሆን ከዚህ አልጋ ሌላ ቦታ እንቅልፍ አይወስደኝም። የእህትህ ጠማማ ነው፣ ውሃ አይሄድበትም። ያንተ ክፍል ቀጥ ያለ ነው፣ በሩ ወደ መንገዱ፣ መስኮቱ ወደ ወንዙ። መስኮቱን እስከ መሬት አፈረሱት፣ ወለሉን ቆፈሩት። መጻሕፍትህን በዱቄት ጆንያ ከተን ጣሪያው ላይ ሰቅለናቸዋል፣ አልጋህ ጋራዡ ውስጥ ነው። እህትህ ይኼን ልትነግርህ አቅቷት ነው የቆየችው።

ዝናቡ መጣ። እንዲህ ያለ ዝናብ በዕድሜዬ አላየሁም። ውሃው ከማዶም ከዚህም ተሰብስቦ በበርህ ገባ፣ ክፍልህን አቋረጠ፣ በመስኮትህ ወጥቶ ወንዝ ገባ። ቀኑን ሙሉ ወንበር አውጥቼ ሳየው ዋልኩ። ግድግዳው ቆሟል። ማዶም ደርቋል፣ እህትህም ጋግራለች።

ሚኒስትሩ መጥተው ነበር። ቦዩ የት ነው ሲሉኝ በቤት ውስጥ አስገባኋቸው። ሪባኑን የሚያስሩበት ቦታ አጡ፤ በመጨረሻ በበርህ መቃን ከወዲህ ወዲያ አሰሩት። ቆረጡት፣ ጫማቸው ራሰ። የነሱ ሰዎች ሁሉ አጨበጨቡ፣ እኛ አላጨበጨብንም። አንተ አብረሃቸው ያለህ መስሎኝ በየመኪናው መስኮት እየሄድኩ አየሁ። መኪናው እስከ አደባባዩ ድረስ ተሰልፏል። ልጄስ ስላቸው ቦታ ጠቦ ቀረ አሉኝ።

ከሥራም ካባረሩህ ና። አልጋህን እኔ ክፍል ውስጥ እናስገባዋለን። ስለ እህትህና ስለዚህ ስለሚጽፍልኝ ሰውዬም የምነግርህ ነገር አለ። (ይኼን እኔ አልጽፈውም፣ እሷ ራሷ ትጽፍልሃለች።)

የሰፈሩ ሰው «ልጅሽ እዚያ ትልቅ ቦታ ተቀምጦ ምን አደረገላችሁ?» እያለ ሲጠይቀኝ መልስ አጥቼ ናፍጣ ላከልን እል ነበር። አሁን ክፍሉን ሰጠን እላለሁ። ሳልጠይቅህ ነው የሰጠሁብህ፣ ልጄ፣ ይቅር በለኝ።

እናትህ